ኤፍጄ-1 ፊዩሪ ድጋሚ እንድትበር ምን ምን መሰራት አለበት?

የቱሉዲምቱው
ሰላም ሰዎች፣ አቪዬሽን ሜንቴናንስ ነው የምማረው፣ ለክላስ ፕረዘንቴሽን ኤፍጄ-1 ፊዩሪን መረጥኩ። የአሜሪካ ባህር ኃይል መጀመሪያ ከተጠቀመባቸው ጄቶች አንዷ ናት፣ 100 ታዘው በኋላ ተቀንሶ 30 ብቻ ነው የተሰሩት፣ ከ3ቱ ፕሮቶታይፖች ውጪ ማለቴ ነው። ጋራዥ የሚሰራ ጓደኛዬ ደሞ "ሞተሩ ከተነሳ በቃ፣ የቀረው ቀለም ነው" ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነት ነው እንዴ? እዚህ ሰፈር ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር ቪዲዮ አትላኩብኝ፣ በፅሁፍ አስረዱኝ።

ጋሽ ቡሎን
አይ ወንድሜ፣ እንደውም ሞተሩ ይሻላል። የፊዩሪዋ አሊሰን ጄ35 ከ14,000 በላይ ተሰርቷል፣ ኤፍ-84 የሚባለው ጄት ላይም ስለነበረ መለዋወጫ ፈልገህ አታጣም። ኤፍኤች ፋንተም መርጠህ ቢሆን ኖሮ ጉድ ነበር፣ የሷ ዌስቲንግሃውስ ጄ30 ሁሉም ተደምሮ 260 ገደማ ነው። ግን ጄ35ም ቢሆን ተፈትቶ ኩሽኔታው፣ 8ቱ ማቃጠያዎች፣ ተርባይን ዲስኩ ሁሉ ስንጥቅ እንዳለው በዳይ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ በሚገባ ቀለም) እና በኤዲ ከረንት (በኤሌክትሪክ ፍተሻ) ይታያል፣ ዲስክ አየር ላይ ከተበተነ ቆርጦ የማያልፈው ነገር የለም።

ዋናው ጣጣ አካሏ ነው። የባህር ጄት ጨው ስትጠጣ ነው የኖረችው፣ የዛን ዘመን ጠንካራ አሉሚኒየም ደሞ ከውስጥ ነው የሚበላው፣ ላሜራው ከላይ ደህና መስሎህ ስትነካው እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ማግኒዚየም ያለበት ቦታማ ዱቄት ሆኖ ነው የምታገኘው። ከዛ ሁክ (መርከብ ላይ ስታርፍ ገመድ ይዞ የሚያቆማት መንጠቆ) የሚታሰርበትን ቦታና የእግሯን ማያያዣዎች ፈትሽ፣ መርከብ ላይ ማረፍ ማለት መውደቅ ነው፣ ያ ሁሉ ምት እዛ ጋ ነው የሚጠራቀመው። ጓርኒሲዮን፣ ኦሪንግ፣ የነዳጅና የሃይድሮሊክ ቱቦ በሙሉ ይጣላል፣ መልኩ አዲስ ቢመስልም። ሽቦውም እንደዛው።

እና ወረቀት! የእያንዳንዱ ፓርት ታሪክ ከሌለህ ስንት ሰዓት እንደሰራ በምን ታውቃለህ? ለጓደኛህ ይሄን ንገረው።

ሳብር ናፋቂ
ጋሽ ቡሎን ልክ ኖት፣ እኔ ግን ጭራሽ መብረር የለባትም ባይ ነኝ። 30 ብቻ የተሰራች ነገር አንዷን ከከሰከስናት ማን ይመልሳታል? ደሞ ላሜራዋን ቀይረህ፣ ሽቦዋን ቀይረህ፣ ምኗ ቀረ? ለማብረር ኤፍ-86 ሳብር ይበቃል፣ ብዙ አለ።

የቱሉዲምቱው፣ ፕረዘንቴሽንህ ላይ ይሄን ሳትጨምር እንዳትቀር፦ ሳብር ከፊዩሪ ነው የወጣው፣ ፋብሪካቸው አንድ ነው፣ ኖርዝ አሜሪካን። መጀመሪያ ክንፉ እንደሷ ቀጥ ያለ ነበር፣ ከዛ የጀርመኖቹን ጥናት አይተው ወደኋላ 35 ዲግሪ አጠፉት። እኛም በ1960 እ.ኤ.አ ኤፍ-86 ተቀብለን ደብረ ዘይት ሐረር ሜዳ አስገባን፣ በማግስቱ ዓመት 4ቱ በተመድ ስር ኮንጎ ዘምተዋል። ክላስህ ውስጥ ከደብረ ዘይት የመጣ ልጅ ካለ በደንብ ነው የሚያዳምጥህ።

የቱሉዲምቱው
ኧረ ይሄንን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ እህቴ! ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እሺ ተሰራች እንበል፣ ከቦሌ ትነሳለች?

ጋሽ ቡሎን
ትነሳለች ግን ትለፋለች። ሞተሩ ባህር ጠለል ላይ 4,000 ፓውንድ ግፊት ነው ያለው፣ ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ አንድ አምስተኛው ይሄዳል፣ ወደ 3,200 ትወርዳለህ፣ ከሰዓት ሲሞቅ ከዛም በታች። ክንፉም በሳሳ አየር ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። መርከብ ላይ ራሱ ያለ ካታፑልት (አውሮፕላን ወርውሮ የሚያስነሳ መሳሪያ) ትነሳ ነበር ግን ቀኑ ከሞቀ አደገኛ ነው ተብሏል። ቦሌ 3,800 ሜትር ሜዳ አለ፣ እሱ ያድናታል። እኔ ብሆን ጠዋት በብርዱ፣ ነዳጅ ቀንሼ ነው የማስነሳት።

ሳብር ናፋቂ፣ ባንቺ ሐሳብ አልስማማም። ቆማም ዝገቱ አይተዋትም፣ የምትበር ከሆነ ቢያንስ በየጊዜው ተከፍታ ትታያለች።

ሳብር ናፋቂ
ቆማም ከፍተው ይዩዋታ ጋሼ፣ ማን ከለከላቸው 😄