የዓባይ ስም በወንዙ መስመር ላይ ሲጻፍ ይገለበጣል (ኤስቪጂ፣ ፓይተን)

ካርታ_ጀማሪ፦
ሰላም። ከነጥቦች ዝርዝር ተነሥቼ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) የኤስቪጂ (በነጥብና በመስመር የሚገለጽ የምስል ፋይል) ካርታ አወጣለሁ። የዓባይ መስመር ከጣና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። «ዓባይ ወንዝ» የሚለውን በቴክስትፓዝ (ጽሑፍን በመስመር ላይ በሚያስኬደው የኤስቪጂ ኤለመንት) አስቀመጥኩት። ጣና አጠገብ ደህና ነው፤ ወደ ሱዳን ድንበር ሳስጠጋው ግን ፊደሎቹ በጭንቅላታቸው ይቆማሉ። ከወንዙ ከፍ እንዲል ቴክስትፓዙ ላይ የሰጠሁት ዲዋይም (ጽሑፍን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ቁጥር) ምንም አልለወጠም።

መስመረኛ፦
ጽሑፍ መስመሩ በተሣለበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ነጥቦችህ ጎጃምን ከዞሩ በኋላ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄዱ የፊደሉ ራስ ወደ ታች ይዞራል። የሚታየውን ወንዝ አትንካው። ስሙ የሚያርፍበትን ቁራጭ ብቻ ወስደህ፣ የማይታይ ሁለተኛ መስመር አድርገህ ዴፍስ (በቀጥታ የማይሣሉ ነገሮች የሚቀመጡበት የፋይሉ ክፍል) ውስጥ አስገባ። የመጨረሻው ነጥብ ኤክስ ከመጀመሪያው ካነሰ ቅደም ተከተሉን ገልብጥ (ቤዚየር፣ ማለትም በመቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚታጠፍ ኩርባ ከሆነ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹም አብረው ይገለበጣሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል)። ከዚያ ስታርትኦፍሴት 50%፣ ቴክስት-አንከር ሚድል፤ ስሙ የመስመሩ መሃል ላይ ይሰካል። ሳይድ የሚባለውን ባሕርይ (ጽሑፉ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚሆን የሚወስነውን) ተወው፤ ሁሉም ብሮውዘር አይቀበለውም።

ዲዋይ የቴክስትፓዝ ባሕርይ አይደለም። ቴክስትፓዙን ለያዘው፣ ቴክስት ለሚባለው ኤለመንት ስጠው፤ -6 ከሆነ ከመስመሩ ከፍ ይላል።

ካርታ_ጀማሪ፦
ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ደቡባዊው መታጠፊያ ላይ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ «ዓ» እና «ዝ» ጭራሽ ጠፍተዋል።

ፊደል_ለካ፦
ሁለቱ የተለያዩ ጣጣዎች ናቸው። ግጭቱ የሚመጣው መታጠፊያው እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ስለሆነና የፊደሎቹ ራስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ክቡ መሃል ስለሚያይ ነው። ሬዲየሱ 40 ፒክስል፣ የፊደሉ ቁመት 14፣ ዲዋይ -6 ቢሆን የፊደሉ ራስ ከመሃሉ 20 ፒክስል ብቻ ይርቃል፤ መስመሩ ላይ ከተሰጠው ስፋት ግማሹ ነው የሚደርሰው። ስሙን ከወንዙ በታች አውርደው፦ ዲዋይ 18 ብትለው የፊደሉ ራስ 44 ላይ ይሆናል፤ ግጭት የለም፣ እንዲያውም ትንሽ ይበተናል። ላይኛው በኩል መቆየት ካለበት ሌተር-ስፔሲንግ (በፊደሎች መካከል ያለውን ክፍተት) ጨምር፣ ያ ግን ስሙን ያስረዝመዋል።

የጠፉት ፊደሎች ጉዳይ የርዝመት ነው። የፊደሉ እኩሌታ ከመስመሩ ጫፍ ካለፈ አይሣልም፤ የስሕተት መልእክትም አይመጣም። ስሙ መሃል ላይ ስለተሰካ ከሁለቱም ጫፍ ተቆረጠ። የግዕዝ ፊደል ስፋቱ አንድ ዓይነት አይደለም («ጨ»ንና «ን»ን አስተያይ)፣ ስለዚህ በግምት አትሂድ፤ በፒሎው (የፓይተን የምስል ላይብረሪ) ጌትሌንግዝ ትክክለኛውን ፎንት ጭነህ ለካና ቁራጩን ከዚያ 15% ያህል አስረዝመው።

መስመረኛ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ እያንዳንዱ ፊደል የሚዘነብለው እግሩ ሥር ባለው መስመር ልክ ነው። የወንዝ ነጥብ ደግሞ ሲበዛ ጥርስ ጥርስ ይላል፣ ስሙም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የማይታየውን መስመር ነጥቦቹ ከ4 እስከ 6 ብቻ እንዲሆኑ አቅልለህ አለስልሰው። ወደ ፒኤንጂ (ተራ የምስል ፋይል) የምትቀይረው ሰርቨር ላይ ከሆነም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ (የግዕዝ ፎንት) እዚያው መጫኑን እይ፤ ከሌለ በፊደል ፋንታ ሣጥን ነው የሚወጣልህ።