ጡት ካስጣልኩ 7 ሳምንት ሆነኝ፣ ወር አበባ ግን የለም

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ወሯ ነው። ከወለድኩ ጀምሮ ፔሬድ አላየሁም፤ የወሊድ መከላከያም አልወስድም። የሚያሳስበው መቼ ነው?

አዋላጅዋ፦ መጀመሪያ የሽንት እርግዝና ምርመራ አድርጊ። እንቁላል የሚወጣው ፔሬድ ከመታየቱ 2 ሳምንት ገደማ ቀድሞ ስለሆነ፣ አንድም ጊዜ ደም ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ። ነጌቲቭ ከሆነ 7 ሳምንት ገና ነው። ልጅ ሲጠባ ፕሮላክቲን (ወተት የሚያሠራው ሆርሞን) ከፍ ይልና አንጎል ለኦቫሪ (እንቁላል ለሚወጣበት አካል) የሚልከውን ትእዛዝ ያፍነዋል፤ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል። ካስጣልሽ 3 ወር ከሞላ ግን ሐኪም ይይሽ፤ ፕሮላክቲንና ታይሮይድ ይለካልሻል። ወተትሽ ዛሬም የሚፈስ፣ ራስሽን የሚያምሽና ዓይንሽ ብዥ የሚል ከሆነ አትጠብቂ።

ሰናይት፦ ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ወይም ማህፀንሽ ተጠርጎ ከነበረ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ምርመራው በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

አዋላጅዋ፦ ትክክል፣ ረስቼው ነበር።

የኔዋ፦ «የምታጠባ አታረግዝም» የሚባለውስ?

አዋላጅዋ፦ ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ፦ ልጁ ከ6 ወር በታች፣ ፔሬድ ያልመጣ፣ ጡት ብቻ የሚጠባ፤ ያውም በአንዱና በሚቀጥለው ጥቢ መካከል ቀን ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ሳያልፍ። ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛ ልጅ ሂሳቡን ያፈርሰዋል።

ሰናይት፦ የመጀመሪያው ፔሬድ ሲመጣ በዛ ቢል አትደንግጪ። በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ 2 ሰዓት ካለፈ ግን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።