የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በድሬ፦ ዲግሪ ይቅደም ወይስ ቋንቋ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ድሬዎች። አንድ የከተማችን መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። መስፈርቱ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ዲግሪ እና 2 ዓመት ልምድ ነው። ስለ ቋንቋ አንድም ነገር አይልም። እኔ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እችላለሁ፤ የተመረቅኩት ግን በማኔጅመንት ነው። ድሬ ላይ ለዚህ ሥራ የቱ ነው መቅደም ያለበት?

ከዚራ፦
ዲግሪው ነዋ! ሦስት ቋንቋማ የትኛው የድሬ ልጅ ነው የማይችለው አቦ፣ በዚህ ከሆነ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ተራ ይያዝ። መግለጫ መጻፍ፣ ጋዜጠኛ ሲያፋጥጥህ ሳትዋሽም ሳትዘባርቅም መመለስ ሙያ ነው። ለነርስ ቦታ «ዲግሪው ይቅር» የሚል አለ? የኛን ወንበር ሲሆን ግን ሁሉም ይመኛል።

ገንደ ቆሬ፦
ሙያ ስትል ሳቄ መጣ። ባለፈው ውሃ ሊቋረጥ ነው ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ። ማህተም ያለበትን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስተው፣ የጠረጴዛው ልብስ በጠርዙ እየታየ፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፉት። በአማርኛ ብቻ። እኛ ሰፈር አማርኛ የማያነብ ብዙ ነው፣ እናቴን ጨምሮ፣ ጀሪካኑ ባዶውን እንደተደረደረ ውሃው ጠፋ። ከሱ በላይ የተለጠፈው ምን መሰለህ? ኃላፊው ስብሰባ ሲመሩ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት። ያን የለጠፈው ልጅ ዲግሪ አለው እኮ!

ከዚራ፦
እሱ የአለቃው ጥፋት ነው። ፎቶዬ የታለ ብሎ የሚቆጣው ማን ሆነና?

መጋላ፦
እኔ እዚሁ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ልናገር። አለቃ ያስቸግራል፣ እውነት ነው፣ ግን ሁሉን በአለቃ አናሳብ። የመረጃ ነጻነቱን አዋጅ 590/2000ን ያነበበ አለ? መረጃ የሚጠይቀውን ዜጋ ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ያለበት የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። አንዲት የሶማሌ እናት ስለ ይዞታዋ ልትጠይቅ ብትመጣ በምን ልታናግራት ነው፣ ዘበኛውን ጠርተህ? በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንዲህ ያለ ቀን ዳግም ቢመጣ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነህ በሦስቱም ቋንቋ ካልጮህክ ፌስቡክህ ማንን ያስጥላል? የመግለጫ አጻጻፍ በጥቂት ወር ይለመዳል። ሶማልኛ በጥቂት ወር ልመድ ብትባል ግን አትችልም።

ጁገል፦
እቱ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኛ ሀረር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሀረሪና ኦሮምኛ ስለሆነ ቋንቋ የማይችል መጀመሪያውኑ አይታሰብም። ታዲያ ችግሩ አለቀ? ሹዋሊድ በ2016 ዩኔስኮ ሲመዘገብ የዓለም ዓይን ወደኛ ዞሮ ነበር። ስለ በዓሉ አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል ላብ በላብ የሚሆን፣ ወሬውን ግን በአራት ቋንቋ የሚያንበለብለው ባለሙያ አውቃለሁ። በጥቂት ወር ይለመዳል ያልሽው ማን ሲያስተምረው ነው?

መጋላ፦
እሱስ ልክ ነህ፣ አዲስ ገቢን ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም። ቢሆንም ቋንቋ መስፈርቱ ውስጥ ይግባ ባይ ነኝ። ሳቢያን፣ አንተ ደግሞ ባዶ እጅህን አትሂድ። ያን የውሃ ማስታወቂያ ውሰድና አጠር አድርገህ በሦስቱም ጻፈው፣ የትኛው ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በድምፅም ቅዳው። ከሲቪህ ጋር አያይዘው። መንግሥት ቤት እንቢ ቢልህ ነጻ የንግድ ቀጠናው አካባቢ ያሉ ድርጅቶችን ሞክር፤ ከሠራተኛውም ከነዋሪውም ጋር የሚያግባባቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ከዚራ፦
ይሞክር እንጂ ማን ከለከለው፣ ግን ዲግሪ ካለው ጋር እኩል ነጥብ እንዳትሰጡት።

የሳቢያን ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ቢሮው ሄጄም ጠይቄ ነበር። ዲግሪህ ተዛማጅ ነው ብለን ልንቀበልህ እንችላለን፣ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው አሉኝ።

ገንደ ቆሬ፦
በእንግሊዝኛ?! ለገንደ ቆሬ ሕዝብ?