ለሌሊት ፈረቃ የሚሆን፣ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ የጾም ምግብ ጠቁሙኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ በሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ዘወትር ምግብ ሠርቶ መቋጠር አልሆነልኝም፤ ስለዚህ በየሱፐርማርኬቱ በረዶ ሆነው የሚሸጡትን፣ በማይክሮዌቭ የሚሞቁ ምግቦች በጣዕምና በዋጋ እያወዳደርኩ ነው።

በፍስክ ቀን ምርጫው ሰፊ ነው። የተቸገርኩት በጾም ነው፤ ካርቶኑ ላይ «ሥጋ የለበትም» ተብሎ ቢጻፍም፣ ከጀርባው ያለውን ዝርዝር ሳነብ አይብ፣ ቅቤ ወይም የወተት ዱቄት አገኝበታለሁ። ከወተት ነጻ የሆኑት ደግሞ፣ ለምሳሌ ሽምብራ በሩዝ፣ ወደ 5 ዶላር እየተሸጡ ክብደታቸው 280 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ ሳይነጋ ይርበኛል። ጨዉም ያሳስበኛል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንድ አዋቂ በቀን ከ2,300 ሚሊግራም ሶዲየም እንዳያልፍ እየመከረ፣ የምበላው አንዱ ካርቶን ብቻ 700 ይዟል (ሚጥሚጣ ብነሰንስበትም ጨው ጨው ማለቱን አልተወም)።

አሟሟቁም አስቸግሮኛል። መመሪያው የተጻፈው ለ1,100 ዋት ሲሆን የመሥሪያ ቤታችን ማይክሮዌቭ 700 ዋት ነው፤ ሩዙ ዳር ዳሩን ደርቆ ሲጣበቅ መሐሉ ገና በረዶ ነው።

እባካችሁ፣ ለጾም የሚሆን፣ የሚያጠግብና ዋጋው የሚያዋጣ የምታውቁ ጠቁሙኝ። በአነስተኛ ዋት የምታሞቁትስ መሐል ላይ እያማሰላችሁ ነው ወይስ ኃይሉን ቀንሳችሁ ረዘም ላለ ጊዜ? ወይስ በእረፍት ቀን ምስርና ሽሮ ሠርቶ፣ በየዕቃው ከፋፍሎ ፍሪዘር ማስገባቱ ይሻለኛል?