ክረምቱን ቆሞ የከረመ የጀልባ ሞተር፦ አዲቲቭ ያድነዋል ወይስ ይፈታ?

ዘጌ ማዶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ላይ የሚሠራ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ ካርቡሬተር ያለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆሟል። አሁን በብዙ ጉተታ ይነሳል፣ ጋዝ ሲሰጠው ደህና ይሄዳል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲሠራ) ግን ይጠፋል። ቾክ ሲሳብ ነፍስ ይዘራል። ታንኩ ውስጥ ዘይት የተቀላቀለበት የሰኔ ቤንዚን 10 ሊትር ያህል አለ። የካርቡሬተር ማጽጃ አዲቲቭ (ቤንዚን ላይ የሚጨመር ፈሳሽ) ጨምሬበት ልቀጥል ወይስ ላስፈታው? ለከርሞስ ምን ይደረግ?

ካቻቢቴ፦
ቾኩ መልሱን ነግሮሃል፦ ቤንዚን አንሶታል። ጋዝ ላይ ደህና ከሆነ ደግሞ የተደፈነው የሚኒሞው ጂግለር፣ ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ናስ ነው። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የዚያ ጂግለር ቀዳዳ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዲቲቭ የሚያጸዳው ቤንዚን የሚያልፍበትን ነው። ጨርሶ በተደፈነ ቀዳዳ ቤንዚኑ ካላለፈ መድኃኒቱ በየት በኩል ይደርሳል? ይፈታ።

ከመፍታትህ በፊት ግን ሊጠፋ ሲል የነዳጅ ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ፓምፕ በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ። በዚያ ከዳነ ካርቡሬተሩን አትንካ፤ የነዳጅ ፓምፑን ሜምብሬን (ስስ ጎማውን) እይ፣ አየር የሚስብ ቱቦም ፈልግ።

ጂግለሩን ስታጸዳ ሽቦ አታስገባበት። ናስ ስለሆነ ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ጭሱ አያስቀምጥህም። ማጽጃ ነፍተህ ጥቂት ካቆየህ በኋላ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ክር አሳልፍበት፣ በአየር ንፋው፣ ወደ ብርሃን አንስተህ እይ። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ካልታየህ ድገመው።

ውሃ ልክ፦
ያንን 10 ሊትር ተወው። ከታንኩ ሥር ግማሽ ሊትር በመስታወት ጠርሙስ ቅዳና አሳድረው፤ ከታች ሌላ ሽፋን ከተለየ ውሃ አለበት። ኤታኖል (አልኮል) ያለበት ቤንዚን ከሆነ ነገሩ ይብሳል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው አንድ ሊትር ቤንዚን የሚሸከመው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱ ግን ከቤንዚኑ ጋር ከላይ ይቀራል። መሳቢያ ቱቦው ያለው ታች ስለሆነ ሞተሩ ዘይት የሌለው ነገር ይጠጣል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። አንዴ የተለየውን መልሶ የሚያዋህድ አዲቲቭ የለም፣ ሻጩ ምንም ቢል።

ኤታኖል መኖሩን ለማወቅ ዘይት ያልገባበት 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረህ ነቅንቅና አስቀምጠው። የታችኛው ሽፋን 10 ላይ ከቆመ የለበትም፤ 20 አካባቢ ከደረሰ 10 በመቶ ያህል አለበት።

ጎርጎራ፦
ትንሽ አልኮል ቢጨመርበት እኮ ውሃውን ይበላዋል፣ ለምን ይደፋል?

ውሃ ልክ፦
ለጠብታ ውሃ ልክ ነህ ወንድሜ። ታች ለተኛ ውሃ ግን አይሆንም፤ አልኮሉም አብሮት ይተኛል። ትርፉ የጎማ ቱቦውን ማለስለስና የካርቡሬተሩን አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ማስመሰል ነው። ሐይቁ ውስጥም እንዳይደፋ አደራ።

ካቻቢቴ፦
ለከርሞው፦ ስታቢላይዘር፣ ቤንዚን ቆሞ እንዳይበላሽ የሚጨመረው፣ የሚገባው አዲስ ቤንዚን ላይ ነው፤ ያረጀውን ወጣት አያደርገውም። የተለመደው መጠን ለ10 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ግን የጠርሙሱ ጽሑፍ ይቅደም። ስታቢላይዘር ገባ ብለህ ዘይቱን እንዳትቀንስ። በ50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ለሚሠራ ሞተር 10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ቲሲ ደብሊው 3 የሚባለውን የባለ ሁለት ምት ጀልባ ሞተር ዘይት ይፈልጋል። ከዚያ ሞተሩን 10 ደቂቃ አሠራው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዚን በአዲሱ እንዲተካ። የብስ ላይ ከሆነ በርሜል ውሃ ውስጥ ይሁን፣ የውሃ ማስገቢያው ቀዳዳ በደንብ ተሸፍኖ። በደረቁ ከተነሳ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል።

አጥፍተህ ቱቦውን ንቀል፤ ከካርቡሬተሩ ሳህን (ቤንዚን ከሚጠራቀምበት) ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትተህ ቤንዚኑን አፍስስ። ብዙ ሰው እስኪጠፋ አሠርቶ ይተወዋል፤ ሳህኑ ሥር ግን ሁሌም ጥቂት ይቀራል፣ ጂግለር የሚደፍነውም እሱ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተህ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ገመዱን ሁለቴ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ካንዴላዎቹን መልስ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁም።

ባለ ናስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካጸዳኸው በኋላ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ እየሆነ ካስቸገረህ ፖሊኢተር አሚን የሚባል ኬሚካል ያለበት ማጽጃ ካርቦኑን ያነሳዋል፣ ግን ይመለሳል። መፍትሔው አነስ ያለ ዋና ጂግለር ነው። ኦክቴን መጨመሪያ ለሚባለው ደግሞ ለዚህ ሞተር ብር አታውጣ።

ዘጌ ማዶ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ አራት ምት ትንሽ ጄኔሬተርም አለን፤ ያው ነው?

ካቻቢቴ፦
ያው ነው፣ ቤንዚኑ ላይ ዘይት አይገባም እንጂ። ስታቢላይዘሩን ጨምረህ 10 ደቂቃ አሠራው፣ የነዳጅ መዝጊያውን ዝጋና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ የሳህኑን ቡሎን ፈትተህ የቀረውን በቆርቆሮ ተቀበል።