ዲቃላው በግ የመንዝ በግ ነው ወይስ አይደለም?

የሞላሌው፦
ሰላም ወገኖች። ገበያ ላይ አንዱ ትልቅ አውራ በግ ይዞ «የመንዝ በግ ነው» ይላል። አንድ ሽማግሌ ጆሮውን ጎተት፣ ላቱን መዘን አደረጉና «ይሄ አዋሲ ከሚባለው የውጭ በግ የተዳቀለ ነው፣ ምኑ ነው መንዜ?» አሉት። ሰውዬው ተናደደ፤ «እናቱ መንዜ፣ የበላው የመንዝ ሣር፣ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» አለ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። አንድን ነገር ያ ነገር የሚያሰኘው፣ እሱ ከጠፋ ሌላ የሚሆንበት ምንነት ውስጡ አለ? ወይስ አጥሩን የምናጥረው እኛ ነን?

ጠባሴ፦
አለ እንጂ! አርስቶትል እኮ ይሄን ለይቶታል። ቀለም፣ ውፍረት፣ የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ በግ ቢሸለትም በግ ነው። ወርቅን ተመልከት። ቀለበት ሆነ መስቀል ሆነ፣ አተሙ ውስጥ 79 ፕሮቶን እስካለ ድረስ ወርቅ ነው። 80 ከሆነ ሜርኩሪ ነው፣ አለቀ።

እረኛው፦
ወርቁን ተወውና በጉ ላይ እናውራ፣ እሱ እንደዚያ 79 የሚባል ነገር የለውማ። አጭር ጆሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ያለ ላት፣ ሻካራ ጠጉር ትላለህ፤ ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ግን ከመንዜ የተወለደ በግ በየበረቱ ሞልቷል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ዝርያ የሚለየው በዋናነት በትውልድ ሐረግ ነው፣ ማን ከማን ተወለደ በሚለው። አዋሲ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ነው፤ አመድ ጓያ የበግ ማራቢያ ማዕከል ላይ ከአገሬው በግ ጋር ሲያዳቅሉት የኖሩት ክብደቱና ሱፉ እንዲሻሻል ብለው ነው። ግማሽ ደም አለ፣ ሩብ አለ፣ ከዚያም ያነሰ አለ። መንዜነቱ የቱ ላይ እንደሚያልቅ በጉ አይነግርህም፣ መስመሩን የምናሰምረው እኛ ነን። ልዩነቱን ግን እኛ አልፈጠርነውም፤ ያ ብርድና የመኖ እጥረት ሲመጣ የትኛው እንደሚችለው የመንዝ ገበሬ ያውቀዋል።

የሞላሌው፦
ወርቁስ ቢሆን? 18 ካራት ሲባል ሩቡ መዳብ ወይ ብር ነው፣ ሠርግ ላይ ግን ማንም ዲቃላ ነው አይልም 😄

ጠባሴ፦
እሱ ቅይጥ ነው ወንድሜ። አንጥረኛ ቢያጣራው ወርቁ ለብቻው ይወጣል።

እረኛው፦
እኔም የምለው እሱን ነው። በጉን አጣርተህ ለብቻው የምታወጣው መንዜነት ካለ አምጣና አሳየኝ።