የወለቀ ቋሚ ጥርስ ወተት ውስጥ አለ፤ ሐኪሙ ግን ደሴ ነው

የ11 ዓመት ልጄ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ኳስ ሲጫወት ወድቆ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። ቋሚው ነው፤ አልተሰበረም። ሥሩን ሳልነካ በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ከተትኩት። አክስቱ በአረቄ ይታጠብ ብለው ነበር፤ እሺ አላልኩም። ወደ ቦታው ልመልሰው ስሞክር ግማሽ ድረስ ገባ፤ ልጁ ጮኾ ራሱን ሲያዞር ግን ወጣ። ደሙ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ቆሞለታል፤ አላስመለሰውም፣ ራሱንም አልሳተም። ያለነው ወገል ጤና ከተማ ነው። ጤና ጣቢያው ፓራሲታሞል ሰጥቶ ወደ ደሴ ጻፈልን፤ መኪና የሚገኘው ግን ንጋት ላይ ነው። አሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። ጥርሱን አሁኑኑ እንደገና ገፋ አድርጌ ላስገባው ወይስ ደሴ እስክንደርስ ወተቱ ውስጥ ይቆይ?